የደለል መዝገብ

ራይስ ፋራጅ ከአሽዶድ ወደብ በጨለማ ወጥቶ
ጎህ ሲቀድ ይመለሳል፣ ዐሥር ባልዲ ደለል ሞልቶ።
"ይኸው ወርቃችሁ!" ይላል፣ ባልዲውን እያንኳኳ።
ዓሣ ሊገዛ የቆመ ሰው ይስቅብናል፦ "ለካ
ጭቃም ደመወዝ ያስከፍላል!"
እውነቱን ነው። ያስከፍላል።

ወንፊቴን አነሣለሁ፤ ውኃ አፈስበታለሁ፤
ጭቃው ሲሄድ የቀረውን በነጭ ሳህን እዘረጋለሁ።
ከዚያ ወዲያ ሥራው የወረንጦና የዓይን፣
ከጤፍ ያነሰ ዛጎል መልቀም፣ መደርደር ጎን ለጎን፦
የሞተ በግራ፣
ሕያው በቀኝ ተራ።

ግራው ሞልቶ ይፈሳል።
ቅርፊቱ ያምራል፤ በሩ ክፍት ነው፤ ደጁ ተጠርጓል፤
"ቤቶች!" ብትሉ ግን
"ይግቡ" የሚል የለም።

ዶክተር ያርደና ልጅ ሳለች፣ እዚሁ ዳርቻ ላይ፣
አባቷ በመዳፉ አፍሶ ያሳያት ነበር፣ ከነለሃጫቸው፣ ፀሐይ ላይ።
ዛሬ ስማቸውን ትጠራለች፣ እንደ ሙት ዓመት ዝርዝር፤
"ባሕሩ ሞቀባቸው" ትልና ዓይኗን ትጥላለች ከቴርሞሜትር።
ነሐሴ ነው። ሠላሳ አንድ ዲግሪ።

በቀኝ ያሉት፣ የሚንቀሳቀሱት፣ የቀይ ባሕር ልጆች ናቸው፤
በስዌዝ ቦይ አልፈው የመጡ፤ ሙቀቱ ቤታቸው።
ለነሱ ቅጹ ላይ ራሱን የቻለ ዓምድ አለ፣
በዕብራይስጥ "ፖሌሽ"፣ ወራሪ፣ የተባለ።
በመጀመሪያው ቀን አንደበቴ፣ ሳላዘው፣
"ፈላሻ" ብሎ አነበበው።

የተወለድኩት ጭልጋ ነው። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር።
ጎረቤት ቀን ማረሻ ያሠራል፣
ማታ "ጅብ" ይለናል።
ሳንቲሙን እኛም ውኃ ውስጥ አስጥለን ነበር የምንቀበል፤
ማንም ማንንም ሳይነካ፣ ሁሉም በየራሱ ክልል።
ግዕዙ ግን ክፋት የለውም፦ ፈለሰ፣ ከስፍራው ተነቀለ።
ሰው ነው በኋላ መርዝ ያከለ።

ይህን ለያርደና አልነገርኳትም።
እኔ ዛጎል አይደለሁም፤ ዛጎልም ስለ እኔ አያውቅም።
መጤው ነባሩን አልገፋም ብዬ አልምልም፣ ገፋም አልልም፤
ሙቀቱ ይሁን፣ ቦዩ ይሁን፣ ገና አልለየንም።
ቆጠርኩ፦ መጤ፣ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት።
ነባር፣ አራት።

በኅዳር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከሳህኑ ጠርዝ
አንዲት ነጥብ ተንፏቀቀች። አሸዋ መስላኝ ልትጠረግ
ስትል፣ ቀንድ አወጣች። ሁለት ቀንድ፣ ከፀጉር የቀጠነ።
ያርደና አጎንብሳ ቀረች። ሻይዋ በረደ፤ ቀኑ ጨለመ፤
ዘበኛው ቁልፉን አቃጨለ። አልሰማችም።
ፎቶዋን ላከች ወደ ፓሌርሞ፣ ላከች ወደ ቪዬና፤
መልሱ ከፋሲካ በኋላ ከሁለቱም መጣና፣
አንድ ዓይነት ሆነ፦ "እኛ ዘንድ የለችም።"

የለችም! ከመጽሐፍ የለችም፤ ከሳህኔ ላይ ግን አለች።
ያርደና "መነሻ" የሚለው ሳጥን ውስጥ የጥያቄ ምልክት አኖረች፤
ነባር ትሁን መጤ፣ ደለሉ አልተናገረም።

ስም ያላት እንድትሆን ግን መሞት ነበረባት፤
ሕጉ ነው፦ አልኮል፣ ብልቃጥ፣ ቁጥር፣ መሳቢያ። እኔው አስገባኋት።
ቀንዷን ሰበሰበች።

"ያገኘሻት አንቺ ነሽ፣ ስም አውጪላት" አለችኝ።
እኔን፣ ከአውሮፕላን በወረድኩ ማግስት፣ አንዲት ጸሐፊ ቀና ሳትል
የውብዳር የሚለውን ሰርዛ "ያፋ" አለችኝ።
ትርጉሙማ አልራቀም፦ ውቡን ወሰደችው፤
ዳሩን ጣለችው።
እሱን ፍለጋ ነው መሰል፣ ባሕር ዳር የቀረሁት።

"ቆዪ" አልኳት ያርደናን። "ጥቂት ቀን ስጪኝ።"
ቁራጭ ወረቀት ቆረጥኩ። በእርሳስ ነው የምንጽፈው፤
የእስክሪብቶን ቀለም አልኮል ይበላዋል።
አሽዶድ። ሃያ ሜትር። ደለል። በሕይወት የተገኘች።
የስሙን መስመር ባዶ ተውኩት።

ውጭ ባልዲ ይንኳኳል።